እሳቱ የሚሸሸው ወዴት ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራት ከሄደ ሰዓት አልፎታል። የግቢ በሬን ማጠፊያ ላስበይድ ሄጄ «መብራት ይምጣና እንሠራልሃለን» ተብዬ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጫለሁ። ሥራ የፈታ ብየዳ ቤት ለወሬ የሚመች ቦታ ነው። በዚህ መሃል የባለቤቱ የእህት ልጅ ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምራለች። በፌስታል ያንጠለጠለችው ክብ ላሜራ ነው፤ በክንዷ ያቀፈችው ደግሞ ባልዲ የሚያህል ወፍራም የብርጭቆ ዕቃ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። እኔ ጣልቃ የገባሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔም ባልገባ ይሻል ነበር።

አጎት፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ምጣድ ነው እንዳልል መሃሉ ተበስቷል።

መምህርት፦ ለትምህርት ቤት ነው አጎቴ። በአንዱ ቀዳዳ ቀጭን ቧንቧ ይበይዱልኛል፤ በሌላው ሽቦ ይገባል። ብርጭቆው ከላይ ይደፋበትና አየሩን በአሮጌ የፍሪጅ ኮምፕሬሰር እመጠዋለሁ። ከዚያ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ስሰጠው ውስጡ የቀረችው ጥቂት አየር ታበራለች።

አጎት፦ ብታበራስ?

መምህርት፦ ሰማይ ላይ ያለውን ነገር ልጆቹ በቅርብ ያዩታል።

አጎት፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል አልሰማሽም?

መምህርት፦ ስለማይታረስ እኮ ነው በብርጭቆ የሚያመጡት።

አጎት፦ እሺ፣ ሰማይ ላይ ያለው ምንድን ነው?

መምህርት፦ እርስዎ ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ነገር። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ነካ አድርጎ ሲነሣ መሃል ላይ የሚቆመው ነጭ ነገር ምንድን ነው ይላሉ?

አጎት፦ እሳት ነዋ።

መምህርት፦ እሳትስ የሚበላው ነገር ይፈልጋል፤ ይሄ ግን የሚነድ አይደለም። አየርና የብረት እንፋሎት ነው። ኤሌክትሪኩ ከቅንጣቶቹ ላይ ኤሌክትሮኖችን ገንጥሎ ይለቃቸዋል፤ ኤሌክትሮን የጎደለው ቅንጣት አዮን ይባላል። እንዲህ ተገነጣጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ጋዝ ፕላዝማ ነው። ስሙን ያወጣለት ኧርቪንግ ላንግሚዩር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1928። ዓመት ስጠራ ሁሉ በፈረንጅ ነው እንግዲህ። ፀሐይ ፕላዝማ ናት። መብረቅም ነው። ከእኛ በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወጡ አየሩ ራሱ በመጠኑ ፕላዝማ ይሆናል።

አጎት፦ የእኔና የፀሐይ አንድ ነው እያልሽኝ?

መምህርት፦ በሙቀት የእርስዎ አያንስም። የፀሐይ ገጽ ወደ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የብየዳዎ መሃል ከዚያ ይበልጣል። ያለ ጭንብል ያየ ሰው ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ለምን ሆነና?

አጎት፦ ድንች ቆርጠን እናስርበታለን። እንግዲህ ፀሐይ ነው ካልሽ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይህችን ትንሿን የቻይና ማሽን ከገዛሁ ወዲህ ማዕዘን ላይ ስደርስ እሳቱ ይሸሻል። ኤሌክትሮዱን ወደ ጫፉ እጠቁማለሁ፣ እሱ ወደ ኋላ ይነፋል። የሚነፋ ነፋስ የለም፣ በሩ ተዘግቷል። ትልቁ አሮጌው ማሽን እንዲህ አያደርግም ነበር። ኤሌክትሮዱ ረጥቦ ነው ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ወይ ፍንክች። የግራውንዱን መቆንጠጫ ወደ ሌላው ጫፍ ሳዛውረው ነው ልብ የሚገዛው።

መምህርቷ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ስትናፍቀው የኖረችው ጥያቄ የመጣላት ትመስላለች።

መምህርት፦ መቆንጠጫውን ማዛወር ማን አስተማረዎት?

አጎት፦ ንዴት።

መምህርት፦ ኤሌክትሪክ በሄደበት ሁሉ በዙሪያው ማግኔት ይፈጥራል። ያ ማግኔት ብረት ውስጥ እንደ ልቡ ይንሸራሸራል፤ ብረቱ ጫፍ ላይ ሲያልቅበት ይጨናነቃል። የተጨናነቀው ማግኔት ፕላዝማውን ወደ ሰፊው በኩል ይገፋዋል። አሮጌው ማሽን ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያገላብጠው ስለነበር ብረቱ ራሱ ማግኔቱን ያዳክመው ነበር፤ አዲሱ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሰዳል። መቆንጠጫውን ሲያዛውሩ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን መንገድ ቀየሩ፣ ማግኔቱም አብሮ ተቀየረ። ማግኔት ፕላዝማን ይነዳል፤ ሰማይ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ ነው የሚጀምረው።

አጎት፦ እና ይህን ነገር በብርጭቆ ውስጥ ያሰበው ማነው መጀመሪያ?

መምህርት፦ ክርስቲያን ቢርክላንድ የሚባል ኖርዌጂያዊ። በእነሱ አገር፣ በሰሜኑ ጫፍ፣ ሌሊት ሰማዩ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ይወዛወዛል፤ አውሮራ ይሉታል። ሰውየው ክረምት በበረዶ ተራራ ላይ እየከረመ ያየዋል፣ ይለካዋል፤ ግን የሰማዩን መጋረጃ ሄዶ መዳሰስ አይችልም። ስለዚህ ምድርን ሠራት። ክብ ኳስ፣ ውስጧ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት። «ትንሿ ምድር» ይላታል። አየሩ በተመጠጠ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጦ ከአንድ ጎን ኤሌክትሮኖች ለቀቀባት።

አጎት፦ ከዚያስ?

መምህርት፦ በጨለማው ክፍል በሁለቱ ዋልታዎቿ ዙሪያ ሁለት የብርሃን ቀለበቶች ወጡ። ልክ አውሮራው በምድር ዋልታዎች ዙሪያ እንደሚወጣው። ይህን ሙከራ ከ1890ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ዓመታት ሙሉ ደጋገመው፤ ብርጭቆውን እያሰፋ፣ ኳሱን እያሳደገ።

አጎት፦ ገንዘቡን ከየት አመጣው?

መምህርት፦ ከእሳትዎ።

አጎት፦ ከምኔ?

መምህርት፦ እውነቴን ነው። ለሰማዩ ጥናት ገንዘብ ለማግኘት በኤሌክትሪክ ጥይት የሚተኩስ መድፍ ፈለሰፈ። በ1903 ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ፣ ታላላቅ ሰዎች በተቀመጡበት ሊያሳይ ሲል ገመዱ ተገናኘና በመተኮስ ፈንታ ጆሮ የሚያደነቁር ብልጭታ ፈነዳ። ከቀናት በኋላ ሳም አይድ የሚባል መሐንዲስ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስዶ ማዳበሪያ የሚያደርግ ኃይለኛ ብልጭታ እንደሚፈልግ ሲያጫውተው ቢርክላንድ የከሸፈበት መድፍ ትዝ አለው። የብየዳ ዓይነት እሳት ለኮሰ፣ በማግኔት መሃል አስቀመጠው፤ እሳቱ ተዘርግቶ እንደ ሰፌድ ክብ ሆነ። አየሩ በዚያ ሰፌድ ውስጥ ሲያልፍ ናይትሮጅኑ ከኦክስጅን ጋር ይጣመራል፤ ከእሱ ማዳበሪያ ይሠራል። ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ኩባንያ በ1905 የተቋቋመው በዚህ ነው።

እኔ፦ ታዲያ እኛስ ለምን አንሠራም? ለሞ ያለው ገበሬ ለማዳበሪያ ስንት እንደሚከፍል ታውቃላችሁ?

መምህርት፦ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ እንደ ጉድ ይበላል። ርካሽ ፏፏቴ ባላት በኖርዌይ እንኳ ኋላ ጀርመኖች በሌላ ዘዴ አሸንፈው አስጣሉት።

አጎት፦ (ጣሪያው ላይ ወደ ጠፋው አምፖል እያየ) እሱ በሩን ላስበይድ ብሎ እዚህ መብራት ይጠብቃል፣ ማዳበሪያ በመብራት ይላል።

ዝም አልኩ። ከዚህ በኋላ ያለው የሁለቱ ነው።

አጎት፦ ቅድም ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ኳስ አስቀመጠ፣ ቀለበት ወጣ። እሺ። ቀለበቱ ስለመሰለ ሰማዩም እንደዚያ ነው ማለት ነው? እኔ ብየዳዬን ልንገርሽ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ጥሩና መጥፎ ብየዳ አንድ ነው የሚመስለው። ልዩነቱ የሚታወቀው ሰው ሲንጠለጠልበት ነው።

መምህርት፦ ቢርክላንድን የገጠመው ይኸው ነው አጎቴ። ግማሹን አወቀ፣ ግማሹን ሳተ። ኤሌክትሪክ በማግኔቱ መስመር ላይ እየተንሸራተተ ከጠፈር ወደ ዋልታው ይወርዳል ያለው እውነት ነው። በዘመኑ ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ሲድኒ ቻፕማን የተባለው ታላቅ እንግሊዛዊ ቢርክላንድ ከሞተ በኋላም ለብዙ ዓመታት ተቃወመው። ሰውየው በ1917 በ49 ዓመቱ ቶኪዮ ውስጥ ሞተ። ሳተላይቶች ያንን ኤሌክትሪክ በላዩ ላይ በርረው ያገኙት በ1960ዎቹ ነው። የሳተው ደግሞ ይህ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ጥይት ከፀሐይ በቀጥታ መጥተው የሚያበሩ አድርጎ ነበር ብርጭቆውን የሠራው። ዛሬ እንደምናውቀው የመጨረሻውን ግፊት የሚያገኙት እዚሁ ከምድር አቅራቢያ ነው። ቀለበቱ ያው ነው፣ ምክንያቱ ሌላ።

አጎት፦ ታዲያ ብርጭቆው ዋሸው።

መምህርት፦ ብርጭቆው የተጠየቀውን መለሰ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥያቄውን አጠበቡት። «ሰማይን ይመስላል ወይ?» ማለቱን ተዉና «ይህ ኃይል ይህን ነገር ያደርጋል ወይ?» ብለው አንዱን ብቻ ይጠይቃሉ።

አጎት፦ እሱ ይሻላል። ግን መጠኑስ? ሰማዩ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ብርጭቆሽ ባልዲ።

መምህርት፦ እርስዎ የሦስት ሜትር በር ሠርተው ያውቃሉ። በዚያው ቱቦላሬ ስድስት ሜትር ሥሩልኝ ቢልዎትስ?

አጎት፦ እንቢ እላለሁ።

መምህርት፦ ለምን? ሁለት እጥፍ ነው እኮ።

አጎት፦ ሁለት እጥፍ ሲሰፋ ሁለት እጥፍ ብቻ የሚረግብ መሰለሽ? አፍንጫውን መሬት ይተክላል። አንድ የአንጋጫ ሰው አስገድዶኝ ሠርቼለት አይቻለሁ። ቱቦላሬው መወፈር አለበት፣ ማጠፊያው ሦስት መሆን አለበት፣ በሰያፍ የሚይዝ ብረት ይጨመርበታል። መልኩ ከትንሹ በር ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፣ አያያዙ ግን አንድ ይሆናል።

መምህርት፦ አያያዙ! በቃ እሱ ነው። እነሱም ሰማዩን በሁሉም ነገር አያሳንሱትም፤ አያያዙን ነው የሚጠብቁት። ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ግጭት እስከ ሌላው ስንት ጊዜ በማግኔቱ ዙሪያ ይሽከረከራል? በፕላዝማው ውስጥ የሚሄደው ማዕበል ከኤሌክትሮኑ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ይፈጥናል? የማግኔቱ ግፊት ከጋዙ ግፊት ስንት እጥፍ ነው? እነዚህ ቁጥሮች ሜትርም ኪሎም የላቸውም፤ ንጽጽር ብቻ ናቸው። ሰማይ ላይ ያለውን ንጽጽር ብርጭቆው ውስጥ ካገኙ፣ ሰማይ ላይ ደቂቃ የሚፈጀው እዚያ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ቢያልፍ ግድ የላቸውም። ለዚህ ሲሉ ማግኔቱን ከምድር ማግኔት በሺህ እጥፍ ያበረቱታል። ትንሽ በር በቀጭን ብረት እንደሚሠሩት ሁሉ መሆኑ ነው።

አጎት፦ ሁሉም ንጽጽር ይገጥማል?

መምህርት፦ አይገጥምም። አንዱን ሲይዙ ሌላው ያመልጣል። ለያዙት ጥያቄ የሚያስፈልገውን ይመርጣሉ፣ የቀረውን እያወቁ ይተዉታል። ደግሞ ግድግዳ አለ። ሰማይ ግድግዳ የለውም፤ ዕቃው ግን አለው፤ ፕላዝማው ግድግዳ ሲነካ ይሞታል። ለዚህ ነው ረጅም የሚያደርጉት። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ቧንቧ ነው፤ ዙሪያውን በማግኔት ጥቅል ታጥሯል፤ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ፕላዝማ ይለኮስበታል፣ ይጠፋል፣ ይለኮሳል። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ! ሰማይ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት አያሳይም፤ እሱ ግን ያንኑ መልሶ መላልሶ ያሳያል። ቢርክላንድ የሳታት ግማሽ የተፈተነችው እዚያ ነው።

አጎት፦ የትኛዋ?

መምህርት፦ ኤሌክትሮኖቹን ከምድር አቅራቢያ የሚገፋቸው ማነው የምትለዋ። ሃነስ አልፍቬን የሚባል ስዊድናዊ በ1942 በፕላዝማ ውስጥ የማግኔት መስመር እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል አለ፤ በ1970 ኖቤል ተሸለመ። ያ ርግብግቢት ወደ ምድር ሲወርድ ኤሌክትሮኖችን ያፈጥናል የሚል ግምት ነበር። በ2021 የአይዋ ዩኒቨርሲቲና የሎስ አንጀለስ ሰዎች በዚያ ቧንቧ ውስጥ ያንን ርግብግቢት፣ ማለትም ማዕበሉን፣ ፈጠሩ፤ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ማዕበሉ ፍጥነት ሲጠጉ ጉልበት ሲወስዱ ለኩ። ሁሉም ኤሌክትሮን አይደለም፤ ለማዕበሉ ፍጥነት የቀረቡት ጥቂቶቹ ብቻ። የሚሄድ መኪና ላይ የሚንጠለጠል ልጅ አይተው የለ? የቆመው ልጅ አይችልም፤ የሚሮጠው ነው የሚይዘው።

ዝናቡ ጋብ አለ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። አጎትየው ክቡን ላሜራ አንሥቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ወደ ብርሃን አዙሮ መጣመሙን አየ፣ መልሶ አስቀመጠው።

አጎት፦ ጥሩ። ኖርዌይ መጋረጃ አላት፤ እኛ ምን አለን? እኔ ስልሳ ዓመት እዚህ ስኖር አረንጓዴ ሰማይ አላየሁም።

መምህርት፦ የእኛ አይታይም፤ ግን እኩለ ቀን ላይ በአናታችን ላይ ያልፋል። ወደ ላይ የሚወጣ አውቶቡስ ቢኖር ከዚህ ቡታጅራ የሚያደርስዎትን ያህል መንገድ ነው፣ መቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አምፔር ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ማሽንዎን ስንት ላይ ነው የሚያደርጉት?

አጎት፦ በ2.5 ኤሌክትሮድ ሰማንያ፣ ዘጠና።

መምህርት፦ እንግዲህ ያስሉት። የማግኔት ወገብ የሚባል አለ፤ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚተኛበት መስመር። ኖርዌይ ጫፍ ላይ መርፌ አፍንጫውን መሬት ይደፋል። ያ መስመር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፣ ለአዲስ አበባ በጣም ቅርብ ነው። ፍሰቱ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ወደ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ስለዚህ እኛም፣ ዱራሜም፣ ሐምበሪቾ ተራራም ሥሩ ነን። ኤሌክትሮጄት ይባላል። ስሙን በ1951 ያወጣለት ማን ይመስልዎታል? ያ ቢርክላንድን አልቀበልም ያለው ቻፕማን።

አጎት፦ ለምን እዚህ ብቻ?

መምህርት፦ ማክሰኞ ገበያ ቢያስቡት ይቀላል። በሬና ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ባጃጅ ግን በመሃላቸው ይሽሎከሎካል። በዚያ ከፍታ ላይ አዮኖቹ በተራው አየር ተይዘው እንደ በሬው ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቹ ባጃጆቹ። ማግኔቱ አግድም የሚተኛው እዚህ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ ላይ ልውጣ ቢል መውጫ ያጣል፣ ይጠራቀማል፣ ተጠራቅሞም ባጃጆቹን ወደ ምዕራብ ይነዳቸዋል። ኤሌክትሮን ወደ ምዕራብ ሄደ ማለት በኤሌክትሪክ አቆጣጠር ወደ ምሥራቅ ፈሰሰ ማለት ነው። ሌላ ቦታ ማግኔቱ ስለሚያዘነብል ያፈሰዋል።

አጎት፦ ካልታየ ማን አወቀው?

መምህርት፦ መርፌ። መጀመሪያ ፔሩ ውስጥ፣ እነሱም በመስመሩ ላይ ናቸው። ከዚያ አዲስ አበባ። ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበሩ፤ በእሳቸው ጊዜ፣ በ1958፣ የምድርን ማግኔት የሚመዘግብ ጣቢያ ተከፈተ፤ ሥራው ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቀጥሏል። እኩለ ቀን ሲሆን መዝገቡ ከፍ ይላል፤ ሰማዩ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ቀን ግን፣ ከጠፈር ምንም ረብሻ ባልመጣበት ጸጥ ባለ ቀን፣ ዝቅ ይላል። ሌላ ሰው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው በ1962 ጽፈው አወጡት። በ1967 ደግሞ ማዮ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ሆነው ፍሰቱ ተገልብጦ ወደ ምዕራብ ይሄዳል አሉና ስም ሰጡት፤ ግልባጭ ኤሌክትሮጄት ልበለው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዚያ ስም ይጠና የለ? የተያዘው አራት ኪሎ ነው።

አጎት፦ ቆይ፣ ቆይ። መርፌው መጀመሪያውኑ ሰሜን ነው የሚያየው አይደል?

መምህርት፦ አዎ።

አጎት፦ ያ ከላይ የሚፈሰው ደግሞ እታች ያለውን መርፌ ወዴት ነው የሚስበው?

መምህርት፦ ወደ ሰሜን።

አጎት፦ ሰሜን የሚያይን ሰሜን ብትስቢው ምን ይዞራል?

መምህርቷ ሳቀች። ተማሪዎቿ ይህን ጠይቀዋት አያውቁም። ከቦርሳዋ ክር አወጣች፣ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራጭ ኤሌክትሮድ አንሥታ መሃሉን አሰረችው፣ አንጠልጥላ ያዘችው።

መምህርት፦ ይሄ መርፌው ነው እንበል፤ ሰሜን በሩ በኩል ነው። ክሩን ከላይ እጠመዝዘዋለሁ... ይኸው፣ መርፌው በግዱ ዞሮ ምሥራቅ አየ። አሁን ክሩ ወደ ምሥራቅ ያጣምመዋል፣ ምድር ወደ ሰሜን ትስበዋለች፤ ተካክለው ይዘውታል። ሰማዩ በትንሹ ምድርን ሲያግዛት እሷ ታሸንፋለች፣ መርፌው ወደ ሰሜን ዘወር ይላል። እገዛው ትንሽ ናት፤ የምድር ጉልበት አዲስ አበባ ላይ 36 ሺህ ገደማ ከሆነ፣ እሱ የሚጨምረው መቶ ገደማ ነው። ናኖቴስላ ይባላል መለኪያው። ስለዚህ መርፌው ላይ ጥፍር የምታህል መስታወት ይለጥፉና ብርሃን ይወረውሩባታል። መርፌው ፀጉር ሲያህል ሲዞር የብርሃኑ ነጥብ ራቅ ያለ ወረቀት ላይ ጣት ይሄዳል።

አጎት፦ እዚህ ስቀይው እንጂ።

መምህርት፦ እዚህማ በሩን ሲከፍቱት ሰማዩ ተገለበጠ እላለሁ። ይህን ሁሉ ብረት አስቀምጠው! እናቴ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል፣ ሞክሬው አውቃለሁ። ደህና ሰነበተና ሦስተኛው ቀን ላይ ነጥቡ ግድግዳውን ለቆ ጠፋ። ሮጥኩ፣ ታሪክ ሠራሁ ብዬ። ለካ ጎረቤት አጥሩ ሥር ቆርቆሮ ደርድሯል።

አጎት፦ (እየሳቀ) እና የአዲስ አበባዎቹ ቆርቆሮውን ከሰማዩ በምን ይለዩታል?

መምህርት፦ ሁለት ቦታ ይለካሉ። እንዳወቀ ይዘንጋው የሚባል ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር አፍሪካ ውስጥ የማግኔት መለኪያዎች ሲዘረጋ አንዱን ዓዲግራት ተከለ። ዓዲግራት ከፍሰቱ ውጪ ናት፣ አዲስ አበባ ሥሩ ናት። ከጠፈር የሚመጣው ሌላው ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካል፤ አንዱን ከሌላው ሲቀንሱት የቀረው ኤሌክትሮጄቱ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ የሚባል የዚሁ ዘርፍ ቤተ ሙከራ አለው።

አጎት፦ እንግዲህ የእኛን ሰማይ ማንም በብርጭቆ አላስገባውም።

መምህርት፦ አስገብተውታል። ባጃጆቹ በጣም ሲፈጥኑ ምን ይሆናል? በፕላዝማው ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ሲያልፉ መንገዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ፍሰቱ ሽብሽብ ይላል፣ ራዳር ያየዋል። በ1963 ፋርሊና ቡነማን እየብቻቸው በሒሳብ አሳዩት። በ1974 ዳንጄሎ፣ ፔክሴሊና ፒተርሰን የተባሉ ሦስት ሰዎች ያንኑ ሽብሽብ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈተኑት። ንጽጽሯን ጠበቁ፤ ኤሌክትሮኑ በማግኔት የታሰረ፣ አዮኑ በግጭት የተያዘ። የእኛን እኩለ ቀን ማለት ነው።

አጎት፦ ማታውስ?

መምህርት፦ ማታ ሌላ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ፕላዝማ ቶሎ ይሳሳል፣ ከባዱ ከላይ ይቀራል። ውሃ ዘይት ላይ እንደ ማፍሰስ ነው፤ ቀላሉ እንደ አረፋ ሰንጥቆ ይወጣል። ዛሬ በሳተላይት የሚሠራው የመንገድ ጠቋሚ በዚያ ሰዓት አንዳንዴ የሚቃዠው ለዚህ ነው።

አጎት፦ ሬዲዮም ይቃዣል! አባቴ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን ያዳምጥ ነበር፣ በአጭር ሞገድ። ከመሸ በኋላ የሩቅ አገር ጣቢያ ሲፈልግ ድምፁ እንደ በረደው ሰው ይንቀጠቀጣል። እሱ ባትሪው አልቆ ነው ይልና አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።

መምህርት፦ እርስዎ ኤሌክትሮዱን እንዳሰጡት።

አምፖሉ ሳይታሰብ በራ። ከመንገድ ማዶ አንድ ልጅ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። አጎትየው ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ጭንብሉን አጠለቀ፣ ሁለተኛውን ለእህቱ ልጅ ወረወረላት። ቧንቧውን ላሜራው ቀዳዳ ላይ አቆመው፣ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያዘው፣ ዙሪያውን ጀመረ። የእኔ ማጠፊያ ከዚያ በኋላ መሆኑ ገብቶኛል።

አጎት፦ አየሽው? አየሽው፣ ጠርዙ ጋ ሸሸ!

መምህርት፦ አየሁት! ወደ መሃል ነው የገፋው።

አጎት፦ መቆንጠጫውን ወደዚያ አዙሪልኝ። እንደሱ። አሁን ተመልሶ ቆመ።

ሲበርድ ቧንቧው ላይ የጎማ ቱቦ አሰረና ብየዳውን ዙሪያውን በሳሙና አረፋ ለቀለቀው። ከታች ከመኪና ጎማ መንፊያ ጋር አገናኝተው ብርጭቆው በሚደፋበት ቦታ ወፍራም ላስቲክና ጣውላ ጭነው ነፉት። ሦስታችንም አጎነበስን።

መምህርት፦ ያዘ መሰለኝ።

አጎት፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። በዚህ በኩል እይ... ይኸውልሽ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል። ትተነፍሳለች። እሳቱ የሸሸባት ቦታ ናት።

ብየዳውን ሊፍቅ መፍጫውን አነሣ።